ግመሏም ትታሰር፣ ሶላቱም ይሰገድ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ርዕስ በመቀሌ ቤቶች ውስጥ ደጋግመን ከምንሰማቸው ሁለት አባባሎች የተነሳ ነው። የመጀመሪያው “ሰገድን፣ ዱዓ አደረግን፤ የለመንነው ግን አልመጣም” የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በጦርነቱ ዓመታት ልጃቸውን ያጡ ወላጆች፣ ባላቸው የት እንደደረሰ ሳያውቁ የቀሩ እናቶች፣ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው በአጭር ጊዜ የጠፋባቸው ነጋዴዎች ናቸው። ሁለተኛው አባባል ደግሞ “አምስቱን ወቅት እስከሰገድን ድረስ የቀረውን አላህ ያውቃል” የሚል ነው። ይህንን ከሚሉት መካከል ሥራቸውን፣ የቤታቸውን ኃላፊነትና የጎረቤታቸውን ሐቅ ወደ ጎን የሚተዉ አሉ።

ሁለቱ አባባሎች ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ። አንዱ የሐዘን፣ ሌላው የመዘናጋት ነው። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ሶላትን እንደ ክፍያ ይቆጥሩታል። አንዱ “ከፍያለሁ፤ ዕቃው የት አለ?” ይላል። ሌላው “ከፍያለሁ፤ ከእንግዲህ ዕዳ የለብኝም” ይላል። በመሆኑም ሶላት የታዘዘልን ለምን እንደሆነ፣ ወሰኑስ የት ላይ እንደሆነ በቤተሰብ ደረጃ ቁጭ ብለን መነጋገር ይገባናል።

ሶላት ለምን ታዘዘ?

በመጀመሪያ ስለ ቂብላችን እንናገር። መቀሌና መካ በካርታ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው የተቀመጡ ያህል ናቸው። ስለዚህ በመቀሌ የሚሰግድ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ቀጥ አድርጎ ወደ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው ጥቂት ብቻ ነው። በመካከላችን ያለው ርቀት ወደ 880 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚሁ በሰሜን በኩል፣ ከከተማችን 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የነጋሽ መንደር አለች። ከኢማሙ ኋላ ስንቆም ፊታችን የሚዞረው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ወደመጡበት አቅጣጫ ነው።

በቀን ውስጥ ፈርድ የሆኑት ረከዓዎች 17 ናቸው። ውዱኡን ጨምረን ለእያንዳንዱ ሶላት 10 ደቂቃ ብንመድብ የአምስቱ ድምር 50 ደቂቃ ይሆናል። ቀኑ ግን 1440 ደቂቃ አለው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዐንከቡት ሶላት ከመጥፎና ከተጠላ ሥራ እንደሚከለክል ገልጾልናል። ይህ መከልከል የሚታየው ታዲያ በ50ው ደቂቃ አይደለም። ሰጋጁ በመስገጃው ላይ ሳለ መቼስ ማንን ይሰድባል? በየትኛው ሚዛን ያታልላል? ሶላቱ የሚፈተነው በቀሩት 1390 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ በገበያ፣ በቢሮ፣ በታክሲ፣ በማዕድ ቤት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አምስቱን ሶላት በደጃፉ ወንዝ በሚያልፍለት ሰው መስለዋቸዋል። ይህ ሰው በየቀኑ አምስት ጊዜ ቢታጠብ እድፍ አይቀርበትም። ምሳሌውን ልብ ብለን እንመልከተው። ወንዙ ሰውየውን ያጸዳዋል እንጂ እርሻውን አያርስለትም፣ ዕዳውንም አይከፍልለትም። የጸዳው ሰው ነው ወደ እርሻው የሚሄደው። እንግዲህ የሶላት ዓላማ ይኸው ነው፤ ባሪያውን ከጌታው ጋር ማገናኘት፣ ልቡን ማጠብና ወደ ኃላፊነቱ የተሻለ ሰው አድርጎ መመለስ።

ግመሏን ማን ይሰራት?

መቀሌ ከግመል ጋር የቆየ ትውውቅ ያላት ከተማ ናት። ለብዙ ዘመናት የአፋርና የትግራይ ሲራራ ነጋዴዎች ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የደናክል ረባዳ አሞሌ ጨው ጭነው፣ በበራህሌ በኩል አድርገው ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ወደ ከተማችን ይወጡ ነበር። አስፋልትና የጭነት መኪና ከገባ ወዲህ የግመሉ ጉዞ ቢያጥርም፣ ያንን መንገድ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ግመሉን ሳያስር የሚተኛ የጨው ነጋዴ በዚያ በረሃ ምን እንደሚገጥመው ማንም አይነግራቸውም፤ እነርሱ ያውቁታል።

አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ፈትቶ በአላህ ይመካ ብሎ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) መጠየቁ በቲርሚዚ ተዘግቧል። እርሳቸውም በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነገሩት። ተወኩል ማለት ይህ ነው። ገመዱ የሰው ድርሻ ነው፤ ግመሏ ሌሊቱን በሰላም ማደሯ ደግሞ የአላህ ጥበቃ ነው። ገመዱን የተወ ሰው ተወኩሉን አበዛ አይባልም፤ ድርሻውን ጣለ እንጂ።

ለዚህ ትምህርት ከሐበሻ ምድር የበለጠ ምስክር ፈልገን አንደክምም። በ615 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሶሐቦች ከቁረይሽ ግፍ ሸሽተው ወደ ነጃሺ መጡ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንደሚተርኩት፣ እነርሱ በዚህ አገር በሰላም ተቀምጠው ሳለ በነጃሺ ላይ አንድ ባላንጣ ተነሳበት። ሙስሊሞቹ እጅግ አዘኑ፤ ሐቃቸውን የሚያውቅላቸው ንጉሥ ተሸንፎ የማያውቃቸው ሰው እንዳይተካ ፈሩ። ምን አደረጉ? አላህ ነጃሺን ድል እንዲያደርግለትና በአገሩ እንዲያጸናው ዱዓ አደረጉ። ግን በዚህ ብቻ አላበቁም። ጦሩ ከወንዝ ማዶ ስለነበር ሁኔታውን የሚያጣራ ሰው ፈለጉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ወጣቱ አዝ-ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) “እኔ እሄዳለሁ” አሉ። አቁማዳ በአየር ነፍተው በደረታቸው ላይ አሰሩላቸው፤ በዚያም ተደግፈው ወንዙን ዋኝተው ተሻገሩ፤ ከጦርነቱም ቦታ ደረሱ። ሲመለሱ ከሩቅ ልብሳቸውን እያውለበለቡ የድሉን የምሥራች አበሰሩ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሱትና አቁማዳውን የነፉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ የተሻለ ሰጋጅ በጊዜው በምድር ላይ ጥቂት ነበር። ሆኖም ዱዓ አድርገናልና ወሬው ራሱ ይምጣ አላሉም። በተጨማሪም ዱዓቸው ለተጠለሉበት አገርና ሕዝብ ሰላም ጭምር እንደነበር ልናስተውል ይገባል።

ስለዚህ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ደብተሩን ካልገለጠ ግመሏን አላሰራትም። በተለይ በጦርነቱ ምክንያት ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ለዓመታት ከትምህርት ገበታቸው የተለዩ ልጆቻችን ያመለጣቸውን ትምህርት ለማካካስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ያለውን ጸጥ ያለ ሰዓት ለጥናት ቢያውሉት፣ ሶላታቸውም ጥናታቸውም እርስ በርስ ይደጋገፋል። ትዳር ያሰበች እህትም ኢስቲኻራ መስገዷ መልካም ነው፤ ግን ኢስቲኻራ የሰውየውን ጠባይ ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅን አይተካም። ከአላህ ምርጫን መለመንና ከሰዎች ምክርን መቀበል አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ውሃው ለማን ይቅደም?

ብዙዎቻችን ሶላትን ባበዛነውና ባከበድነው ቁጥር ወደ አላህ የቀረብን ይመስለናል። ሸሪዓው ግን ለሶላት ራሱ ወሰን አበጅቶለታል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ፣ ከዐስርም በኋላ እስክትጠልቅ ድረስ ያለምክንያት ሱና ሶላት መስገድ ተከልክሏል። በላጭ የሆነው አምልኮ እንኳ “አሁን አይደለም” የሚባልበት ሰዓት አለው ማለት ነው። ታማሚ መቆም ካልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ነግረዋቸዋል። መንገደኛም ባለ አራት ረከዓውን ወደ ሁለት ያሳጥራል። ብዙ ዑለማእ ለዚህ ወደ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጉዞን ይጠይቃሉ። በዚህ ሚዛን ከመቀሌ ተነስቶ ነጋሽን ዘይሮ የሚመለስ ሰው ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል፤ ወደ አክሱም ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ግን ያሳጥራል።

ስለ ውሃም እንዲሁ ነው። የመቀሌ ነዋሪ የውሃን ችግር ከማንም በላይ ያውቀዋል። የቧንቧ ውሃ በጠፋባቸው ቀናት ጀሪካን ተሸክመው የሚደክሙት በአብዛኛው እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ይህ ውሃ ወደ ቤት ሲገባ ግን ወንዶቻችን አንዱን ውዱእ በግማሽ ባልዲ ሲያደርጉት እናያለን። አነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ በዛሬው መለኪያ አንድ ሊትር አይሞላም፤ ወደ ሦስት አራተኛ ሊትር ግድም ነው። በዚህ ስሌት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከ25 ለሚበልጥ ውዱእ ይበቃል። እናት በጀርባዋ ያመጣችውን ውሃ ያለ ልክ እያፈሰሱ ለሶላት መዘጋጀት ሱናም አይደለም፣ ምሕረትም የለውም።

ይባስ ብሎ ውሃው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነስ? የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ጊዜ ውሃው ለጠሚው ሰው እንደሚቀመጥና ሰጋጁ ተየሙም እንደሚያደርግ ተናግረዋል። ሰው ብቻም አይደለም፤ አብራው ያለችው እንስሳ የምትጠማ ከሆነ እርሷም ከውዱእ ትቀድማለች። በደናክል በረሃ የሚጓዝ የጨው ነጋዴ የቀረችውን ውሃ ለግመሉ አጠጥቶ በአፈር ተየሙም አድርጎ ቢሰግድ ሶላቱ ሙሉ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሶላታችን ውስጥ ሕይወትን እንዴት እንዳከበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ቤተሰብና ሱቅ ከሶላት ጋር

ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ከታላላቅ የሶሐባ ዓሊሞች አንዱ ናቸው። አንድ ምሽት ሕዝቡን ሲያሰግዱ ረጅሙን ሱረቱል በቀራን ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ሁለት የውሃ ግመሎቹን እየነዳ የመጣ አንድ ሠራተኛ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ሲረዝምበት ተለይቶ ለብቻው ሰግዶ ሄደ። ነገሩ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ ሠራተኛውን አልወቀሱም። ይልቁንም ሙዓዝን በብርቱ ገሠጿቸው፤ አጫጭር ሱራዎችን እንዲያነቡም አዘዟቸው፤ ከኋላቸው ሽማግሌ፣ ደካማና ጉዳይ ያለበት ሰው ይሰግዳልና። እርሳቸው ራሳቸው ሶላቱን ሊያረዝሙ አስበው ጀምረው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱን እንዳያስጨንቁ ያሳጥሩት ነበር። የሕፃን ልቅሶ የነቢዩን ሶላት ካሳጠረ፣ በየቤታችን የሚያለቅሰውን ሕፃን ለእናቱ ብቻ ትተን በሱና ላይ ሱና የምንደራርብ አባቶች ምን መልስ ይኖረናል?

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ሊጠይቁ ሄደው ሚስታቸውን ራሷን ጥላ አገኟት። ምክንያቱን ሲጠይቁ ባሏ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት እንደሚያሳልፉ ነገረቻቸው። ሰልማንም የጌታ ሐቅ፣ የነፍስ ሐቅና የቤተሰብ ሐቅ እንዳለ፣ ለእያንዳንዱም ድርሻውን መስጠት እንደሚገባ መከሯቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ነቢዩ በቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበርና የሶላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መልሰዋል። እንግዲህ ሥራውም ሶላቱም በየተራው ነው። አንዱ የሌላው ማምለጫ አይደለም።

ነጋዴዎቻችንም ከሱረቱል ጁሙዓ መማር ይችላሉ። አላህ (ሱ.ወ.) የዓርብ ጥሪ ሲሰማ ንግድን እንድንተው አዝዟል፤ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነን ከችሮታው እንድንፈልግ ነግሮናል። ለገበያው ወሰን አበጀ፤ ሶላቱ ሲፈጸምም የሥራውን በር መልሶ ከፈተ። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከሌሎቹ ቀናት ረዘም ማለቱ ትልቅ ጸጋ ነው። ይህን ጸጋ ተጠቅሞ ጁሙዓን የሰገደ ሠራተኛ ባለጉዳይ ደጅ እየጠበቀው ከሰዓቱ አሳልፎ በመስጊድ ግቢ ወሬ ቢያወራ፣ የደመወዙን ሰዓት ከመንካቱም በላይ የሰጋጆችን ሁሉ ስም ያስነሳል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የሰው ሐቅ ነው። በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰረ የሚባለው ማን እንደሆነ ሶሐቦችን ጠይቀው ነበር። ገንዘብና ንብረት የሌለው ነው አሏቸው። እርሳቸው ግን በቂያማ ዕለት ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ መጥቶ፣ አንዱን ሰድቦ፣ የሌላውን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላውን መትቶ በመገኘቱ ምንዳው ለእነርሱ የሚከፋፈልበት፣ ሲያልቅም ኃጢአታቸው በእርሱ ላይ የሚጫን ሰው ነው አሏቸው። በሱረቱል ማዑንም አላህ የቲምን የሚገፋን፣ ከሶላታቸው የሚዘናጉትንና ለታይታ የሚሰግዱትን፣ የዕቃ ውሰትን እንኳ የሚነፍጉትን በአንድ አጭር ሱራ ውስጥ ወቅሷል። ከጦርነቱ በኋላ በየሰፈራችን የቲም በዝቷል። በአጎቱ ቤት ተጠግቶ የሚኖር የቲም የአባቱ ሱቅ ወይም መሬት ከተወሰደበት፣ የአጎትየው የመጀመሪያ ሰልፍ ሐቁን አይመልስለትም። ሰልፉ ለአላህ ነው፤ ሱቁ ግን ለልጁ ነው።

በሕመም ጊዜ

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም በብዙ ቤቶች ውስጥ አሉ። “ቁርኣን ተቀርቶልኛልና መድኃኒቱን ትቻለሁ” የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙናል። ሩቅያ በሸሪዓ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሕክምና ሲጠየቁ እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳደረገም ነግረዋል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን ኢንሱሊን ሐኪም ሳያማክር ማቋረጥ ኢማን አይደለም፤ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። አንደኛው እጅ መርፌውን ይያዝ፤ ምላስም ዱዓዋን አትተው።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መለሱ፤ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመል የሚያሰማራ እረኛን ምሳሌ አድርገው። በየትኛውም ጎን ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው፤ ብልህ እረኛ ግን ለምለሙን ይመርጣል። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ የጀመዓ ሶላት ለጊዜው ተቋርጦ በየቤታችን መስገዳችንም የዚሁ ግንዛቤ ውጤት ነበር።

ታዲያ ሰበቡ ራሱ ሲጠፋስ? ይህ ለመቀሌ ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ባንኩ፣ ስልኩና መንገዱ ተዘግቶ፣ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መሠረታዊ መድኃኒት ማለቁን ለዓለም ሲያሳውቁ የነበረበትን ጊዜ አይተናል። መድኃኒት አጥቶ በዱዓ ብቻ ያደረ ሰው ግመሏን አላሰረም ተብሎ አይወቀስም፤ ገመዱ ከእጁ ተወስዷልና። ተጠያቂነቱ ገመዱ በእጁ ወደነበረው ሰው ይዞራል። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ነገር ግን ዛሬ የተረፈው ጥቂት ያለን ሰዎች ለአንዱ ታማሚ ዱዓ የምንሆነው መልስ እኛ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ። ጎረቤታችን በሌሊት የለመነው መድኃኒት መግዣ በእኛ ኪስ ውስጥ አድሮ ይሆናል።

ያልተመለሰ የሚመስለው ዱዓ

አሁን ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ሐዘንተኛው ጥያቄ እንመለስ። ልጇ በሕይወት እንዲመለስ ሌሊት ተነስታ የለመነች እናት፣ ሳይመለስ ሲቀር ምን እንበላት? “ኢማንሽ ስላነሰ ነው” ማለት ድፍረትም ጭካኔም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ልጃቸውን ኢብራሂምን ቀብረዋል፤ ዐይናቸውም አንብቷል። ከእርሳቸው የበለጠ ዱዓው የሚሰማ ማን አለ? ኃጢአት ወይም ዝምድና መቁረጥ የሌለበት ዱዓ ከሦስት አንዱን እንደማያጣ በሐዲስ ተነግሮናል፤ ወይ የተለመነው በዱንያ ይሰጣል፣ ወይ ለአኺራ ይቀመጣል፣ ወይ ተመጣጣኝ የሆነ ክፉ ነገር ይመለሳል። ሶላትና ዱዓ አላህን ወደ እኛ ፈቃድ መጎተቻ ገመድ አይደሉም። እኛ ወድቀን እንዳንቀር የምንይዘው ገመድ ናቸው።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ለተሰዉ ቤተሰቦች መርዶ በይፋ ሲያሰማ፣ የሦስት ቀን ሐዘንም ሲታወጅ፣ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ጀናዛው በሌለበት ምን እናድርግ ብለው ጠይቀዋል። መልሱ ከዚህችው ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ነጃሺ በሞቱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው ዜናውን ለሶሐቦች ነገሩ፤ አሰልፈዋቸውም በአራት ተክቢራ ሰገዱባቸው። በዚህ መሠረት የሻፊዒ መዝሀብ በሩቅ በሞተ ሰው ላይ ሶላተል ጋኢብ መስገድን ይፈቅዳል። የሐነፊ ዑለማእ ግን ይህ ለነጃሺ የተለየ ነበር ይላሉ። ስለዚህ የሰገደውም ያልሰገደውም ማስረጃ አለውና አንዱ ሌላውን አይውቀስ። ዱዓና ሶደቃ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

መሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በእርሱ ላይ የጀናዛ ሶላት አይሰገድም። የሚስቱ ዒዳ፣ የውርሱ ክፍፍል፣ ዳግም የማግባቷ ነገር በዱዓ ወይም በሕልም የሚወሰን አይደለም። ቃዲ ዘንድ ቀርቦ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ በሸሪዓው ሥርዓት ይወሰናል። በዚህ ረገድ ሽማግሌዎችና ዑለማእ እነዚህን እህቶች ይዘው ወደ ቃዲ መሄድ አለባቸው፤ “ሶብር አድርጊ” ብሎ ዓመታትን ማስቆጠር ብቻውን አይበቃም።

የመብት ጥያቄም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም በአክሱም ከተማ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ሲከለከሉ፣ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶታል፤ በጥር ወርም በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ተደርጓል። ለተማሪዎቹ በየመስጊዱ ዱዓ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ክስ መመሥረትና በሰላም ድምፅን ማሰማት ግን ገመዱን ማሰር ነው። በ2013 ዓ.ም በጦርነቱ ጉዳት የደረሰበት የነጋሽ መስጊድም በዱዓ ብቻ አይጠገንም፤ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ባለሙያና አዋጪ ይፈልጋል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ውድ ወላጆችና ወጣቶች፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በየቤታችን ጥቂት ነገሮችን እንሞክር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ዱዓ ስናደርግ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የለመነውን ነገር በልቡ ይያዝና፣ “ለዚህ ጉዳይ ነገ በእጄ የምሠራው ምንድን ነው?” ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ዕዳ ያለበት ቀጠሮውን ይያዝ፤ የተጣላ ስልኩን ያንሳ፤ የታመመ የሐኪም ቀጠሮውን አያሳልፍ። አባት ለአንዱ ሶላት እንኳ ሕፃኑን ይዞ እናት ተረጋግታ እንድትሰግድ ያድርግ። ለውዱእ የሚሆነውን ውሃ በኮዳ ለክተን እንጠቀም። በእጃችን የሚሠራ ምንም ነገር ያልቀረ እንደሆነ ደግሞ ሱጁዳችንን እናርዝም፤ ያን ጊዜ የእኛ ድርሻ እርሱ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ሶላታችንን ከመጥፎ የሚከለክል፣ እጃችንንም ለመልካም የሚያነሳሳ ያድርግልን። የጠፉትን ወሬያቸውን ያሰማን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለአገራችን ሰላምን ያጽናልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።